ማን ነው እጅ የለቀቀው?

ይድረስ ለወንድሜ ለዶክተር ሲራክ መዝገቡ፣ ጀርመን አገር።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ማርቲስ? በፎቶ ካልሆነ አይቼያት የማላውቃት ልጃችሁስ ጥርሷን አበቀለች? ብርዱስ ጀመራችሁ? ያ በየዓመቱ የሚነሳብህ ሳልስ ዘንድሮ ተወህ ወይስ እንደ ልማዱ ነው? ሥራህስ እንዴት ነው? ያ መቶ ሚሊዮን ዲግሪ ይሞቃል የምትለው ማሽንህስ ደህና ነው? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ “እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ” ይላል። እኔ ናፍቆቱን ለጊዜው አስቀምጬዋለሁ። ከንዴት በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። ያን ንግግርህን በሰማሁ ማግስት ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ አልክ። ለምን እንዲህ ብለህ ተናገርክ ብዬ ብጽፍልህ “ምሳሌ እኮ ነው እህቴ” አልክና የሚስቅ ፊት ላክህልኝ። ስደግምህ አውራ ጣት ላክህ። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ሪሐና ናት፤ የፊት ለፊት ጎረቤታችን የሐሚዳ የእህት ልጅ ናት፣ ለትምህርት ወደዚያው ስለመጣች በእጇ ልኬዋለሁ። ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን የሚያኖረው መጻፍ የማይችል ሰው ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ ዶክተር ነህ።

መጀመሪያ ስለ ፕላዝማህ እናውራ። እዚህ አገር ፕላዝማ ማለት ምን እንደሆነ የረሳኸው ይመስለኛል። እዚህ ፕላዝማ ማለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በፈጣን እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ቴሌቪዥን ነው። እኔ ማስተማር ስጀምር እሱ ነበር መምህሩ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ ምን እንዳለ ለልጆቹ የምነግር ነበርኩ። ስለዚህ እማዬ በዚህ በላፍቶ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ላገኘችው ሁሉ “ልጄ የፕላዝማ ዶክተር ነው” ስትል፣ ሕንጻው በሙሉ ጠጋኝ ነህ ብሎ ደመደመ። ሐሚዳ እንኳ ስንት ዓመት ጎረቤታችን ሆና “ውዳሴዬ፣ ወንድምሽ ሲመጣ የልጄን ትምህርት ቤት ፕላዝማ አንዴ ይይልን” ብላኛለች።

ያን ጊዜ ለአንተ ክብር የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ሐሚዳ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ከመስታወቱ ውስጥ አንድ ቦንቦሊኖ አስወጥቼ አስረዳኋት። ጋዝ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው ይላቀቃሉ፣ ፕላዝማ የሚባለው እሱ ነው፣ ፀሐይም ከእሱ ናት፤ ወንድሜ እንዲህ እንደ ቦንቦሊኖ የተጠቀለለ ዕቃ ውስጥ ያን እሳት ግድግዳ ሳያስነካ በማግኔት ይዞ ለማቆየት ይደክማል፤ ከተሳካለት የፀሐይን ጉልበት ምድር ላይ አገኘን ማለት ነው፣ መብራት ጠፋ የሚባል ነገር ይቀራል አልኳት። እሷም መብራቱን ብቻ ይዛ “ኢንሻአላህ በዪ እንጂ” አለችኝና ቦንቦሊኖውን አስበላችኝ። እንዲህ ነበር ስሟገትልህ የኖርኩት።

በጥቅምት መጀመሪያ ርእሰ መምህራችን ለኢትዮጵያ ወጣቶች በአማርኛ ያደረግከውን ንግግር ከኢንተርኔት አውርዶ፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አዳራሽ ሰብስቦ አሳየ። ስክሪኑ ያው የድሮው ፕላዝማ ነው። እኔ ለፋሲካ የገዛሁትን ቀሚስ ለብሼ ከፊት ተቀመጥኩ። ለመምህራኑ ሁሉ ወንድሜ ነው፣ ታናሼ ነው፣ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ እያልኩ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ያ ቀሚስ ያሳፍረኛል።

ገና ሲጀመር አንድ ነገር ቆረቆረኝ። “ፕላዝማን ማገት”፣ “የተሻሻለ እገታ”፣ “የእገታ ጊዜ” እያልክ ስትደጋግም አዳራሹ ጭጭ አለ። አንተ ከዚህ ከወጣህ ወዲህ እገታ የሚለው ቃል ምን እንደሆነ የነገረህ የለም? ሰው ከመንገድ ላይ ተይዞ የሚወሰድበት ነው። አያንቱ የምትባል ተማሪዬ አጎቷ ታግቶ በስንት ጭንቅ የተመለሰላት ናት፤ ንግግርህ እስኪያልቅ ቀና አላለችም። ደግሞ “ለዚህ በአማርኛ ሌላ ቃል አጣሁለት” አልክ። ገበሬው የዝናብ ውሃ ያቁር የለ? ፕላዝማ ማቆር ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር? አንድ ቀን ደውለህ እህቴ ይህን በአማርኛ ምን ልበለው ብትለኝ እነግርህ ነበር። የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ዘንግተኸዋል።

ቀጥሎ ያለውን ግን አልዋሽም፣ ጎበዝ ነበርክ። ሙቀቱ ከመሃል ወደ ግድግዳው የሚሸሸው ብቻውን ሮጦ እንዳልሆነ፣ ፕላዝማው ውስጥ የሚፈጠሩ አዙሪቶች እየተቀባበሉ እንደሚያወጡት ተናገርክ። ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መስክ ሲባል እንደ አጥር ቆሞ ሙቀቱን የሚመልስ ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ከማግኔቱ ጋር ተባብሮ ፕላዝማውን ዙሪያውን እንዲዞር ይነዳዋል አልክ። ዳር ላይ ደግሞ በጥቂት ጣት ስፋት ውስጥ የመስኩ ብርታት ስለሚለያይ አንዱ ሽፋን ቀስ ብሎ ሲዞር ጎረቤቱ ይፈጥናል፤ ሁለቱን ረግጦ የቆመ አዙሪት ይጎተትና ይበጠሳል፤ አዙሪቱ ሲበጠስ ሙቀቱ ተቀባይ አጥቶ እዚያው መሃል ይቀራል። እኔ ከመጽሐፍ ሳነበው ሁለት ቀን የፈጀብኝን አንተ በአምስት ደቂቃ አስገባኸው። አጨበጨብኩ። ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ መጀመሪያ።

ከዚያ ምሳሌ ልስጣችሁ አልክ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነው፣ ለአንተ ብርሌ ሆኜ የተገኘሁት ግን እኔ ነኝ። በ1990 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ሐና ማርያም ታቦት ሲዞር፣ ወደ ውስጥ ያለው ረድፍ በሽማግሌና በእናቶች እርምጃ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ የውጪው ረድፍ በወጣት ሆታ ሲሮጥ፣ እኔ በውስጠኛው አንተ በውጪው ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን እንደነበር ተናገርክ። “ታላቅ እህቴ ውዳሴ እጄን ለቀቀችኝ፣ ጠፋሁ፣ እስኪመሽ አለቀስኩ” አልክ። “እንግዲህ አዙሪት ሲበጠስ እንደዚያ ነው፤ እህቴ እጄን ባትለቀኝ ኖሮ ዛሬ ሳይንቲስት አልሆንም ነበር” ብለህ ሳቅክ። ሦስት መቶ ተማሪ አብሮህ ሳቀ፤ ከፊት ተቀምጬ ነበር፣ ከኋላዬ ሰማሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ “ቲቸር ለቀቅ” ሆኗል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈውት ገብቼ ራሴ አጠፋሁት።

የልጅ ቀልድ አይገድለኝም፤ አሥራ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲያውም በሳምንቱ ያንኑ ክፍል ወደ ግቢ አወጣሁና ምሳሌህን በሥራ ልየው አልኩ። ሰንደቅ ዓላማውን ከበው በሦስት ክብ ቆሙ፤ አንድ ኳስ መሃል ላለው ልጅ ሰጠሁት፣ ኳሷ ሙቀት ናት አልኳቸው። ሦስቱም ክብ በእኩል እርምጃ ሲዞሩ እጅ ለእጅ የተያያዙት እየተቀባበሉ ኳሷን ወዲያው አጥሩ ጋ አደረሷት። ከዚያ የመሃሉን ቀስ በሉ፣ የውጪውን ሩጡ አልኳቸው። ገና አንድ ዙር ሳይሞላ የተያያዘው እጅ ሁሉ ተላቀቀ፤ ኳሷም መሃል ቀረች። ማን ነው የለቀቀው ስላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጉርሜሳ የሚባል ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ አለኝ፤ “ቲቸር፣ ማንም አልለቀቀም፣ ዙሩ ነው ያላቀቀን” አለ። መልሱ ይኸው ነው። ሳይንስህ ራሱ ማንም እጅ አይለቅም ነው የሚለው። አንተ ዶክተሩ ከጉርሜሳ ያነሰ አወቅክ ልበል ወይስ አውቀህ ዋሸህ?

አውቃለሁ፣ ይህን ስታነብ ደስ ይልህና እሱን ይዘህ ታመልጣለህ። “እሺ፣ ማንም አልለቀቀም፣ ሰልፉ ነው” ብለህ ትጽፍልኛለህ። ሰልፉ አይደለም፣ ሲራክ። ለፕላዝማ ልክ ነው፣ ለልጆቹ ልክ ነው፣ ለእኛ ግን ልክ አይደለም። ቀይ ፊኛ የያዘ ሰውዬ በውጪው ረድፍ አልፎ ሄደ፤ አንተ ግዢልኝ አልከኝ፣ እማዬ እጅ እንዳትላቀቁ ብላለች አልኩህ። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቅካቸው። መጀመሪያ አውራ ጣቴን ነበር። ጥፍርህ የቧጠጠኝ ቦታ ሳምንት ቆይቷል። አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር፣ በእሱ አልከስህም፤ ፊኛ ያየ ልጅ ይሄዳል።

የምከስህ በኋላ ባለው ነው። አመሻሹ ላይ አንዲት የፉሪ ሴት አግኝታህ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ስትሰጥህ ሱሪህ ረጥቦ ነበር። አባዬ ነፍሱን ይማረውና ቀበቶውን ፈቶ “ማን ነው እጅ የለቀቀው?” አለ። አንተን አየሁህና “እኔ ነኝ” አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ የራሴ አፍ ነው። አንተም ቆመህ ስገረፍ አየህ፣ ዝም አልክ። በማግስቱ ጠዋት ግቢያችን ቧንቧ ጋ ፊቴን ስታጠብ መጣህና “እታባ፣ አትንገሪብኝ፤ ሳድግ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ” አልከኝ። እሺ አልኩህ። ሲራክ፣ አድገሃል እኮ። ሠላሳ ስድስት ዓመትህ ነው። አባት ሆነሃል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ አባዬ ምን እንዳለ ታውቃለህ፤ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነበር። ወንድሟን ለአንድ ዙር መያዝ ያቃታት ልጅ በሰው አገር ራሷን አትይዝም አለ። እዚሁ እየተመላለስኩ መምህርነት ተማርኩ። አንተ ባሕር ዳር ሲደርስህ መርቆ፣ ሻንጣህን ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ሸኘህ። ያን ቀን እንኳ አፍህ አልተፈታም። የእኔን ዕድል ወሰድክ አልልህም፤ እኔ ብሄድም ወደ ጀርመን እደርስ እንደሆነ ማን ያውቃል። ግን ያን ቀን አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን ደግሞ ያንኑ ውሸት አንስተህ ለሕዝብ ማሳቂያ ስታደርገው፣ በእውነት እልሃለሁ፣ ጠላሁህ። እህት ወንድሟን አትጠላም ይላሉ፤ ለአንድ ወር ያህል ሞክሬ ችያለሁ።

ይህ ሁሉ የእኔና የአንተ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ውጬው እቀር ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመት ችዬ የለ? የጻፍኩልህ ስለ እማዬ ነው። ሐሚዳ በቅን ልቧ “እትዬ ሸዋረገድ፣ ልጅዎ በስልክ መጣልዎት” ብላ ንግግርህን ከፍታ አሳየቻት። እማዬ መጀመሪያ ሳቀች፣ ስክሪኑን ሳመችው። ታቦቱንም እኔንም ስታነሳ ሰማች። ከዚያ ስልኩን ለሐሚዳ መለሰችላት። እንደምታውቀው መርሳቷ ብሷል፤ ቁርሷን በልታ ቁርስ አላቀረብሽልኝም ትለኛለች። የ1990ውን አስተርእዮ ግን ትናንት አድርገህ አመጣህላት። ልጄ ጠፋ ብላ ስትጮህ የዋለችበትን ቀን በስተርጅናዋ እንደገና አስዋልካት።

በማግስቱ የደም ግፊት ቀጠሮ ነበራት። ከሦስተኛ ፎቅ ሁልጊዜ የማወርዳት እጇን ይዤ ነው፤ ሊፍት የለንም። ደረጃው ጫፍ ላይ ግራ እጄን ስሰጣት አየችውና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። “አንቺ ትለቂያለሽ” አለችኝ። ብረቱን ይዤ እወርዳለሁ ብላ ሦስት ደረጃ ወርዳ ጉልበቷ ከዳት። ሐሚዳ ከታች እየወጣች ባትደርስላት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አምስት ሳምንት ሆናት ከቤት አልወጣችም። ሁለት ቀጠሮ አልፏታል። ሐሚዳ ልያዝዎት ስትላት “ልጄ እያለች ጎረቤት አላስቸግርም” ትላለች፤ እኔ ልያዝሽ ስላት ደግሞ እጇን ትደብቃለች። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ሐና ማርያም በኩል ታያለች። የአስተርእዮን ንግሥ በሕይወቷ አስታጉላ አታውቅም፤ ዘንድሮ ጥር ሃያ አንድን ከዚያ በረንዳ ላይ ልታሳልፈው ነው።

እውነቱን ነገርኳት። ፊኛውን፣ ጣቶቼን፣ ቧንቧውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ቆጣ ብላ “በሌለበት ልጄን ታሚዋለሽ?” አለችኝ። እሷ የምታምነው አንተን ነው። ሲራክ ያለው ለእማዬ ቅዳሴ ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ። ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው ይቅርታ አይደለም፤ ይቅርታህን አስቀምጠው። ንግግርህን ከኢንተርኔት አውርደው አላልኩህም፤ ተማሪዎቼ ከጉርሜሳ እውነቱን ተምረዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዓት ላይ በሐሚዳ ስልክ ደውል፤ በእኔ ስልክ ከሆነ እማዬ እኔ ያስጠናሁህ ይመስላታል። እማዬን አስጠራትና በራስህ አፍ “እጇን የፈለቀቅኩት እኔ ነኝ፣ ውዳሴ አልለቀቀችኝም” በላት። ከረሳችው በሚቀጥለው እሑድ ድገምላት። ከረሳችው እንደገና ድገምላት። እኔ አንዴ ተናግሬ ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገለህን ውሸት፣ አንተ አሥር እሑድ እውነት ብትናገርበት አይበዛብህም።

ይህንን ካላደረግህ ግን ሌላ ንግግር ስታደርግ ስለ እኔ ምሳሌ አትፈልግ። መምጣትም ካሰብክ ሆቴል ውረድ፤ እኔ በር የምከፍትልህ አይምሰልህ።

ሐሚዳ ሰላም ብላሃለች፤ አሁንም ፕላዝማውን መቼ ነው የሚያየው ትላለች። ሪሐናን አደራ፣ እንግዳ ናት፣ ብርዱን አታውቀውም፤ ደብዳቤውን ስላመጣችልህ ቂም አትያዝባት። ማርቲን ሰላም በልልኝ፣ እሷ ምንም አላደረገችኝም። ልጅህን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ መራመድ ስትጀምር እጇን አጥብቀህ ያዝ። ጉርሜሳ “ቲቸር፣ ወንድምሽን ጠይቂልኝ” ብሎ ጥያቄ ሰጥቶኝ ነበር፤ ዙሩ ሲቆም የተላቀቁት እጆች እንደገና ይገናኛሉ ወይ ብሎ ነው። መልሱን ለእሱ ጻፍለት።

ለእማዬ ለሲራክ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልሽ አልኳት። “እጁን ሳሚልኝ” አለች፤ “ያቺን በሕዝብ መሃል የጠፋችውን።” ቀኟ ናት፣ ሲራክ። ግራ እጄ ይዟት ስለነበር አልረሳውም። እሑድ ስትደውል ስልኩን በእሷ ያዝ።

እህትህ ውዳሴ መዝገቡ

ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.